ለኮምፒውተር ጽሑፍ ዓይን የማያደክም ቀለም መምረጥ፦ ኮድ ለሚጽፉና ለቤተሰቦቻቸው

በኮምፒውተር ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ቀለሙ ምንም ቢሆን ዓይን አያጠፋም። ያልተመቸ ቀለም ግን ዓይንን ያደክማል፣ ራስ ምታት ያመጣል፣ ሰውየው ወደ ስክሪኑ እየተጠጋ እንዲያነብ ስለሚያስገድደው አንገትና ትከሻውን ያሳምመዋል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ እውነተኛ የዓይን በሽታ «ኮምፒውተር ስለሚያበዛ ነው» ተብሎ መታለፉ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል፤ በቅንብር የሚስተካከለው የትኛው ነው፣ ሐኪም የሚያስፈልገውስ የትኛው?

ጉዳዩ ስክሪን ለሚያነብ ሁሉ ይሠራል፤ ኮድ የሚጽፉትን ግን በተለየ ሁኔታ ይመለከታል። ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም (ኮድ ኤዲተር) እና ትእዛዝ የሚሰጥበት ጥቁሩ መስኮት (ተርሚናል) ጽሑፉን በአንድ ቀለም ብቻ አያሳዩም። ትእዛዙ በአንድ ቀለም፣ ቁጥሩ በሌላ፣ ማስታወሻው በግራጫ፣ ስሕተቱ በቀይ ይመጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለውን ስክሪን የሚያዩት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። በጎርጎራ አካባቢም «ዓይኔን ያቃጥለኛል»፣ «ማታ ማታ ፊደሉ ይደራረብብኛል» የሚሉ ወጣቶች ያጋጥሙኛል። ብዙዎቹ መነፅር ይታዘዝልኝ ይላሉ። አንዳንዶቹ በእርግጥ ያስፈልጋቸዋል፤ ሌሎቹ ግን መጀመሪያ የስክሪናቸውን ቀለም መቀየር ይበቃቸዋል።

ዓይን ፊደልን የሚለየው በምንድን ነው?

ብዙ ሰው ጽሑፍ የሚነበበው ቀለሙ «ደማቅ» ስለሆነ ይመስለዋል። ፊደል ከጀርባው የሚለየው ግን በዋናነት በቀለም ዓይነት ሳይሆን በብርሃን መጠን ልዩነት ነው። ይህ ልዩነት ንፅፅር ይባላል። ቢጫ ደማቅ ቀለም ነው፤ በነጭ ላይ ቢጻፍ ግን ማንም አያነበውም፤ ሁለቱም ብዙ ብርሃን ይሰጣሉና። ያው ቢጫ በጥቁር ላይ ሲሆን ከሩቅ ይነበባል።

ዓይናችን ለሁሉም ቀለም እኩል አይደለም። ስክሪን ነጭ የሚመስለን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ሲደባለቅ ነው፤ ከዚያ ነጭ ውስጥ ዓይን እንደ ድምቀት የሚቆጥረው 72 በመቶ ያህሉን ከአረንጓዴው፣ 21 በመቶውን ከቀዩ፣ 7 በመቶውን ብቻ ከሰማያዊው ነው። በዚህ ላይ ጥቃቅን ነገር የምናይበት የሬቲና መሐል ሰማያዊን የሚለዩ ሴሎች የሉትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሙሉ ሰማያዊ ፊደል በጥቁር ላይ ሲጻፍ «የሆነ ነገር እንዳለ» ይታያል እንጂ ቅርጹ ጥርት ብሎ አይታይም። ተማሪው የገዛ ዓይኑን ይጠራጠራል፤ ጥፋቱ ግን የቀለሙ ነው።

ቀይና ሰማያዊ ጎን ለጎን ሲሆኑ ሌላ ችግር ይፈጠራል። የዓይን ሌንስ ቀይና ሰማያዊ ብርሃንን በአንድ ቦታ ላይ አይሰበስብም፤ ሰማያዊው ቀድሞ፣ ቀዩ ወደ ኋላ ዘግይቶ ይሰበሰባል። ስለዚህ ቀይ ቃል በሰማያዊ ጀርባ ላይ ሲጻፍ ፊደሉ ተንሳፎ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ይህ በጤነኛ ዓይን ላይም የሚታይ ነው፤ መፍትሔው እንዲህ ያለውን ጥምረት መተው ብቻ ነው።

መለኪያው

ንፅፅር በቁጥር ይለካል። ምንም ልዩነት ከሌለ 1 ለ 1፣ ጥቁር በነጭ ላይ ሲሆን 21 ለ 1 ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ተቋም (ደብልዩ ስሪ ሲ) ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ 1፣ የበለጠ ጥንቃቄ ለሚፈልግ ደግሞ 7 ለ 1 ይላል። እነዚህ ቁጥሮች ከሕክምና ጋር የተያያዘ መነሻ አላቸው። 4.5 የተመረጠው የማየት አቅሙ ወደ 6/12 ገደማ የወረደ ሰው የሚያጣውን ንፅፅር እንዲያካክስ ነው፤ 7 ደግሞ ወደ 6/24 ለወረደ። (6/12 ማለት ጤነኛ ዓይን ከ12 ሜትር የሚያነበውን ፊደል ሰውየው 6 ሜትር ድረስ ቀርቦ ነው የሚያነበው ማለት ነው።) በዕድሜ የገፋ አባት ወይም የዓይን ሞራ የጀመራት እናት በቤት ካሉ፣ መነሻዎ 7 ይሁን።

በጥቁር ጀርባ ላይ ሙሉ አረንጓዴ 15 ለ 1 ይደርሳል፤ ሙሉ ቀይ 5 ገደማ ነው፤ ሙሉ ሰማያዊ 2.4 ብቻ ነው። በነጭ ጀርባ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰማያዊ 8.6 ይሆናል፣ አረንጓዴ ወደ 1.4፣ ቢጫ ወደ 1.1 ይወርዳል። ስለዚህ «ጥሩ ቀለም» ብሎ ነገር ለብቻው የለም። የጀርባውን ቀለም የቀየረ ሰው የፊደሎቹንም ቀለም አብሮ መቀየር አለበት።

የዊንዶውስ ተርሚናል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለብዙ ዓመታት ጥቁር ሰማያዊው ፊደል በጥቁር ላይ 1.3 ለ 1 ብቻ ነበር፤ ይህ አይነበብም ቢባል ማጋነን አይደለም። ማይክሮሶፍት በ2017 እ.ኤ.አ. ቀለሞቹን አሻሻለ። የአዲሱን ሰማያዊ ንፅፅር ሳሰላው 2.4 ገደማ ነው፤ ተሻሽሏል፣ ግን አሁንም ከሚፈለገው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ የፎልደር ስሞች ብዙውን ጊዜ በሰማያዊ ነው የሚወጡት። ልጅዎ ጥቁር መስኮት ላይ አፍጥጦ ዓይኑን ሲያጨናብስ ካዩት፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ሰማያዊ ነው። በተርሚናሉ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ወደ ውሃ ሰማያዊ መቀየር ይቻላል። ቪኤስ ኮድ የተባለው ኤዲተር በውስጡ ባለው ተርሚናል ላይ ፊደሉን ከ4.5 በታች እንዳይወርድ ራሱ ያስተካክለዋል፤ ኮንትሮል እና ኬን፣ ቀጥሎ ኮንትሮል እና ቲን ሲጫኑም የቀለም ዝርዝሩ ይከፈታል፤ ከዚያ ውስጥ ከፍተኛ ንፅፅር ያላቸው ጥቁርም ነጭም ምርጫዎች አሉ።

መለኪያ የሌለው ሰው በስልክ መሞከር ይችላል። ስክሪኑን ፎቶ ያንሱና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት። በዚያ ፎቶ ላይ የጠፋ ወይም የደበዘዘ ቃል ካለ፣ የዚያ ቃል ቀለም ይለወጥ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በግራጫ የሚጻፈው ማስታወሻ ነው። የገጽታው ሠሪዎች ማስታወሻ እንዳይረብሽ ብለው ያደበዝዙታል፤ ጀማሪ ተማሪ ግን ከኮዱ ይልቅ የሚያስፈልገው ማስታወሻው ነው።

የብራናው ልምድ

በጣና ዙሪያ ላደገ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ መሆን የለበትም። በክብራን ገብርኤልና በሌሎቹ የጣና ገዳማት የተቀመጡት የብራና መጻሕፍት በዚሁ መርሕ የተጻፉ ናቸው። ጀርባው ደማቅ ነጭ ሳይሆን ክሬም ነው፤ ጽሑፉ ጥቁር ነው፤ ቀይ ቀለም የሚገባው ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መክፈቻ ብቻ ነው። አንባቢው በደብዛዛ ብርሃን ቆሞ ሲያነብ ዓይኑ በጥቁሩ ላይ ይሄዳል፤ ቀዩ የት እንደደረሰ ይጠቁመዋል። ገጹ ሁሉ ቀይ ቢሆን ቀዩ ምንም አይጠቁምም ነበር።

ኮድ ኤዲተርም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ገጽታዎች ቀለም ያበዛሉ። ለዓይን የሚቀለው ዋናው ጽሑፍ በአንድ ከፍተኛ ንፅፅር ባለው ቀለም ሆኖ፣ ሦስት ወይም አራት ተጨማሪ ቀለሞች ብቻ ሲኖሩ ነው። የእኔ ምርጫ ከተጠየቅሁ የብራናውን ነው፤ ክሬም ጀርባ፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ ጥቂት ጥቁር ቀይና ጥቁር ሰማያዊ።

ጥቁር ጀርባ ወይስ ነጭ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይጠየቃል፤ አጭሩ መልስ ጥቁር ጀርባ ዓይንን አይጎዳም፣ አያድንም ነው። በብርሃናማ ክፍል ውስጥ ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው ጥቁር ፊደልን በነጭ ላይ በተሻለ ፍጥነት ያነባል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ብሩህ ጀርባ የዓይን ብሌንን ያጠብባል፣ የጠበበ ብሌን ደግሞ ምስልን ያጠራል። ለዚህ ነው ፎቶ አንሺ ጥራት ሲፈልግ የካሜራውን ቀዳዳ የሚያጠበው።

አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው (የኮርኒያው ክበት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያልሆነ) ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ ሲያይ ፊደሉ ጢስ የለበሰ ወይም የተደራረበ ይመስለዋል። «ማታ ፊደሉ ይደራረብብኛል» ከሚሉት ውስጥ ይህ ችግር ያለባቸው አሉ፤ ወደ ብሩህ ጀርባ ሲመለሱ ይቀልላቸዋል፤ ትክክለኛው መፍትሔ ግን መነፅር ነው። በተቃራኒው የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው ነጭ ጀርባ ያንጸባርቅበታል፤ ብርሃኑ በደፈረሰው ሌንስ ውስጥ ይበተናል። ለእሱ ጥቁር ጀርባ ከትልልቅ ፊደል ጋር ይሻለዋል። ማታ በጨለማ ክፍል ለሚሠራ ሰውም ጥቁሩ ይመቻል፤ ከዚያ የሚሻለው ግን መብራት ማብራት ነው። ጥቁር ጀርባ የሚመርጥ ሰው ሙሉ ጥቁርና ሙሉ ነጭ ከማድረግ ይልቅ ጀርባውን ጥቁር ግራጫ፣ ፊደሉን ነጣ ያለ ግራጫ ቢያደርገው የፊደሉ ጠርዝ አያንጸባርቅበትም።

የግዕዝ ፊደል

የላቲን ፊደል ጠርዙ ትንሽ ቢደበዝዝም ቃሉ ይገመታል። የእኛ ፊደል ግን አናባቢውን የሚሸከመው በትንሽ ጭረት ነው። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ሌ የሚለዩት ከእግሩ በወጣች አንዲት መስመር ወይም ቀለበት ነው። ንፅፅሩ ዝቅ ሲል መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ጭረት ናት። አማርኛ የተቀላቀለበት ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ለላቲን የሚበቃው 4.5 ይጠበዋል፤ ወደ 7 ይጠጋ። ፊደሉንም ከፍ ያድርገው፤ በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች ኮንትሮልን ይዞ የመደመር ምልክቱን መጫን ነው። ተርሚናል ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ጠባብ ቦታ ስለሚሰጥ ሰፋፊዎቹ የግዕዝ ፊደላት ይጨናነቃሉ። ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ እዚያ ከማንበብ ኤዲተር ውስጥ ከፍቶ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ባለ ጥርት ያለ ቅርጸ ፊደል ማንበብ ይሻላል።

ከውሃ ዳር መሥራት

ከላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ የቤት ውስጥ ናቸው። ጎርጎራም ሆነ ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ላፕቶፕ የከፈተ ሰው ሌላ ሒሳብ ይገጥመዋል። ከሰማይና ከውሃው የመጣው ብርሃን በስክሪኑ ላይ ሲያርፍ በፊደሉም በጀርባውም ላይ እኩል ይጨመራል። ፊደሉ 20፣ ጀርባው 1 ቢሆን ልዩነቱ 20 ለ 1 ነው። በሁለቱም ላይ 19 የሚሆን ነጸብራቅ ይጨመር፤ 39 ለ 20 ይሆናል፤ ሁለት ለአንድ እንኳ አይሞላም። በክፍል ውስጥ ያማረው ጥቁር ገጽታ በረንዳ ላይ መስተዋት የሚሆነው ለዚህ ነው። ውጭ ሲሠሩ ነጭ ጀርባ፣ ጥቁር ፊደል ይጠቀሙ፤ ጀርባዎን ለግድግዳ እንጂ ለውሃው አይስጡ።

መብራት ሲጠፋ ባትሪ ለመቆጠብ የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ የተለመደ ነው። በጨለማ ክፍል ምንም አይደለም፤ በቀን ብርሃን ግን ነጸብራቁ ስክሪኑን ይበልጠዋል። ብርሃኑን ቀንሶ ከማፍጠጥ ወደ ጥላ መግባት ይሻላል፤ መስኮት ካለም ከፊት ወይም ከኋላ ሳይሆን ከጎን ይሁን።

ስክሪን የሚያይ ሰው ዓይኑን ማርገብገብ ይረሳል። በተለመደው ጊዜ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል የምናርገበግበው ስክሪን ፊት ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ማቃጠሉና አሸዋ የገባ የሚመስለው ከዚያ ነው። በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ ከ6 ሜትር በላይ ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት ይረዳል። የሰማያዊ ብርሃን መከላከያ እየተባለ በውድ የሚሸጠውን መነፅር በተመለከተ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ በአጭር ጊዜ የዓይን ድካምን ከተራ መነፅር የበለጠ እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘም። ገንዘብዎን ለትክክለኛ የዓይን ምርመራ ያውሉት።

ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ልጅ

የኮድ ፕሮግራሞች የተሰረዘውን መስመር በቀይ፣ የተጨመረውን በአረንጓዴ ያሳያሉ። ፈተና ያለፈው አረንጓዴ፣ የወደቀው ቀይ ነው። ይህ ቀይና አረንጓዴ ለማይለይ ሰው ምንም አይነግረውም። ችግሩ አብሮ የሚወለድ ነው፤ በአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ያህል አለበት፤ በአፍሪካ በአብዛኛው ከዚያ ያነሰ ነው፤ በሴቶች ላይ በጣም ጥቂት ነው። የሚተላለፈው በኤክስ ክሮሞዞም ስለሆነ ወንድ ልጅ የሚወርሰው ከእናቱ ነው፤ እናትየው ራሷ ቀለም በደንብ ልትለይ ትችላለች። ስለዚህ «ከማን አመጣው?» እያሉ እናትን መውቀስም ሆነ ልጁን «ቀልብ የለውም» ማለት አይገባም።

ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ቀዩን እንደ ጥቁር ነው የሚያዩት። በጥቁር መስኮት ላይ በቀይ የተጻፈ የስሕተት መልእክት ለእነሱ ከነጭራሹ ሊጠፋ ይችላል፤ ተማሪው ስሕተቱን አላየሁም ሲል እየዋሸ አይደለም። ቀዩን ወደ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴውን ወደ ውሃ ሰማያዊ መቀየር ይበቃል። የመደመርና የመቀነስ ምልክቱም ከቀለሙ ጋር አብሮ እንዲታይ ይደረግ። ምርመራው በኢሺሃራ የነጠብጣብ ሥዕሎች ይሠራል፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። መድኃኒት የለውም፤ ግን አይባባስም። ቀለም የተቀባ ልዩ መነፅርም ጤነኛ የቀለም ዕይታ አይሰጥም።

ችግሩ የቀለም ምርጫ ሳይሆን ሲቀር

አብሮ የተወለደ የቀለም ችግር ሁልጊዜም እንዳለ ነው። ትናንት የሚያነቡት ገጽታ ዛሬ ከደበዘዘብዎ፣ ቀይ ቀዩ ከጠወለገብዎ፣ ቅንብር መነካካቱን ይተዉና ይመርመሩ።

የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይህን በጥብቅ ይያዙት። በተለመደው የአዋቂዎች ሕክምና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሚሰጡት አራት መድኃኒቶች አንዱ ኢታምቡቶል ነው። ብዙ ሰው ያለ ችግር ይጨርሰዋል። በጥቂት ሰዎች ላይ ግን፣ በተለይ ኩላሊታቸው በታመመ፣ መጠኑ በበዛ ወይም ረዘም ላለ ጊዜ በወሰዱት ላይ፣ የዓይን ነርቭን ይጎዳል። ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ውስጥ ቀይና አረንጓዴ መለየት መቸገርና ጽሑፍ መሐሉ መደብዘዝ ይገኙበታል። አያምም፣ ዓይን አይቀላም። ለዚህ ነው ስክሪኑን የሚወቅሱት። አንዱን ዓይን እየሸፈኑ በየሳምንቱ ያንኑ ትንሽ ጽሑፍ ያንብቡ፣ ያንኑ ቀይ በርበሬ ይዩ፤ ካለፈው ሳምንት የተለየ ከሆነ በዚያው ቀን መድኃኒቱን ወደሚወስዱበት ጤና ተቋም ይሂዱና ይናገሩ። መድኃኒቱ በጊዜ ሲቆም ዕይታው ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ የሚያቆመው ግን ባለሙያው ነው፤ ሁሉንም መድኃኒት በራስ ፈቃድ መተው ቲቢውን መድኃኒት የተላመደ ያደርገዋል።

በአንድ ዓይን ብቻ በቀናት ውስጥ ዕይታ ከቀነሰ፣ ዓይን ሲዞር ካመመና ቀይ ቀለም ከሌላው ዓይን ይልቅ ከገረጣ የዓይን ነርቭ መቆጣት ሊሆን ይችላል። ድንገት ብልጭታ፣ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጥብ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከታየ ጉዳዩ ለነገ አይባልም።

የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ በብዛት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮርኒያውን ሲፍቅ የሚተወው ጠባሳ ንፅፅርን ይቀንሳል፤ ሰውየው ትልቁን ፊደል በሰሌዳ ላይ እያነበበ ግራጫውን ጽሑፍ ግን ያጣል። በልጅነቱ ዓይኑን ደጋግሞ የታመመ ወይም ሽፋሽፍቱን በወረንጦ የሚያስነቅል ሰው ስክሪን አልታይ ሲለው መነፅር ከመግዛቱ በፊት ሽፋኑ ተገልብጦ መታየት አለበት። ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ ስክሪኑን ወደ ኋላ እየገፉ ማንበብ ደግሞ የዕድሜ ጉዳይ ነው፤ የማንበቢያ መነፅር ይፈታዋል።

ከጎርጎራና ከአካባቢው ለሚመጡ ሰዎች የቅርቡ ሙሉ የዓይን ሕክምና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የዓይን ሐኪሞችም ኦፕቶሜትሪስቶችም አሉት። ሲሄዱ ሦስት ነገር ይያዙ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ከነመያዣው፣ የድሮ መነፅርዎን፣ እና ማንበብ ያቃተዎትን ስክሪን በስልክ ያነሡትን ፎቶ። ፎቶው ላይ መርማሪው በቀላሉ ያነበበውን እርስዎ ካላነበቡት፣ ጥያቄው ከኮምፒውተሩ ወደ ዓይንዎ ዞረ ማለት ነው።